ሰው መግደል በዘር ይወረሳል እንዴ? ሳይንሱ ምን ይላል?

የወሎ_ሰፈር_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ህክምናም ሳይኮሎጂም ህግም የተማራችሁ ካላችሁ በተለይ እናንተ መልሱልኝ። አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ ልታገባ ነበር፣ ሽማግሌም ተልኮ ነበር፣ ልጁን እኔም አውቀዋለሁ ረጋ ያለ ጨዋ ልጅ ነው። አባቷ ግን የልጁን ዘር ሲያስጠኑ አያቱ ድሮ ገጠር ሰው ገድለው ታስረው ነበር፣ አጎቱም በኋላ ሰው ገድሏል ተባለና "ገዳይ ዘር ነው፣ ደማቸው ውስጥ አለ፣ ልጄን አልሰጥም" ብለው ቁጭ። እኔ በጣም ተናደድኩ ግን ለመከራከር እውቀቱ የለኝም፣ ይባስ ብሎ ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ "የገዳይ ጂን ተገኘ" ሚል ቪዲዮ መጣብኝና ግራ ገባኝ። እውነት እንደዚ አይነት ነገር አለ? ሰው ሰውን ሚገድለው አእምሮው ውስጥ የተበላሸ ነገር ስላለ ነው ወይስ አስተዳደጉ ነው? ደግሞ ሲፈጠር ጀምሮ ያለበት ነገር ከሆነ ጥፋተኛ ነው ማለትስ እንዴት ይቻላል? የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ፣ ልጅቷ እያለቀሰች ነው።

ነርስ_ሳይካትሪ፦

ወንድሜ እኔ የአእምሮ ህክምና ነርስ ነኝ፣ ይሄ ጥያቄ ስራ ላይም ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል። ባጭሩ፣ ግድያ አይወረስም። ምንም አይወረስም ማለት ግን አይደለም፣ ቶሎ ቱግ ማለት፣ ሳያስቡ ማድረግ፣ ፍርሃት ብዙም አለመሰማት፣ እነዚህ በከፊል ከወላጅ ይመጣሉ፣ ግን በብዙ ጂኖች (ጂን ማለት ከወላጅ ሚወረስ የሰውነት መመሪያ ነው) ትንሽ ትንሽ ተደማምሮ እንጂ በአንድ ጂን አይደለም፣ እንደዛ ያለ ባህሪ ካለው ሰው ውስጥም አብዛኛው ሰው ሳይነካ ኖሮ ይሞታል።

ለአባቷ ሊነገር ሚችል አንድ ጥናት ልንገርህ። ዴንማርክ ውስጥ በጉዲፈቻ ያደጉ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን የፍርድ ቤት መዝገብ አይተው እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ነው። ጉዲፈቻ የመረጡት የወለደው ሌላ ያሳደገው ሌላ ስለሆነ ሁለቱን መለየት ስለሚቻል ነው። የወለደው ወላጅ ወንጀለኛ ከሆነ ልጁም በስርቆትና በመሳሰለው የመከሰስ እድሉ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ሰው ላይ ጉዳት በማድረስ ወንጀል ግን እንደዛ ያለ ዝምድና አላገኙም። ማለትም "ደማቸው ውስጥ አለ" ሚባለው ነገር በጣም በሚጠበቅበት ቦታ ላይ ሲፈለግ አልተገኘም።

ያየኸው ቪዲዮ ኤም ኤ ኦ ኤ ስለሚባለው ጂን ይመስለኛል። ይሄ ጂን አንጎል ውስጥ እንደ ሴሮቶኒን ያሉ ኬሚካሎችን ሚያፈርስ ኢንዛይም ሚሰራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሆላንድ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ተገኘ፣ ወንዶቹ ላይ ይሄ ጂን ጭራሽ አይሰራም፣ ቁጡዎች ነበሩ፣ ቤት ማቃጠል፣ ሴት መድፈር መሞከር ምናምን ታይቶባቸዋል። ግን ይሄ በአለም ላይ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው። ብዙ ሰው ላይ ያለው ጂኑ ሚሰራ ግን ቀስ ብሎ ሚሰራ አይነቱ ነው፣ በነጮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከሶስት ወንድ አንዱ ገደማ አለው። ከሶስት አንዱ! ገዳይ ጂን ቢሆን ኖሮ አለም አንድ ቀን አታድርም ነበር።

ትልቁ ነገር ኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ የተገኘው ነው። እዛ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 73 የተወለዱ ከሺህ በላይ ልጆችን እስከዛሬ እየተከታተሏቸው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ላይ ቀስ ብሎ ሚሰራው ጂን ብቻውን ምንም አላደረገም። በልጅነቱ የተደበደበ፣ የተጣለ፣ የተበደለ ልጅ ላይ ሲደመር ነው ልዩነት ያመጣው፣ ሁለቱም ያለባቸው ከወንዶቹ 12 በመቶ ብቻ ሆነው ከሰው ላይ ጉዳት ወንጀል ፍርዶች ግን 44 በመቶውን ይዘው ተገኙ። እውነቱን ለመናገር ከዛ በኋላ ሌሎች ሲደግሙት አንዳንዱ አግኝቶታል አንዳንዱ አላገኘውም፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አትያዘው፣ ግን ጂኑ ብቻውን ምንም እንደማያደርግ ያኔም ግልፅ ነበር። ስለዚህ አባቷ ማጥናት ካለባቸው የአያቱን ፋይል ሳይሆን ልጁ እንዴት እንዳደገና ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ኦስቲን_ቴክሳስ፦

ነርሷ ጥሩ ብላለች፣ እኔ ደግሞ ምኖርበት ከተማ የሆነውን ልጨምር ምክንያቱም አንጎል ውስጥ ሚታይ ነገር አለ ወይ ላልከው ከዚ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ቻርልስ ዊትማን ይባላል፣ 25 አመቱ፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ የቀድሞ ማሪን ሚባለው የአሜሪካ ጦር ወታደር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1966 ሌሊቱን መጀመሪያ እናቱን ከዛ ሚስቱን ገደለ፣ ሲነጋ መሳሪያ ገዝቶ ሳጥን ሙሉ ጥይትና ምግብና ውሃ ይዞ የዩኒቨርሲቲው ታወር ላይ 28ኛ ፎቅ ወጣና ከላይ ሆኖ መንገደኛውን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲተኩስበት ቆየ፣ ከአስር በላይ ሰው ሞተ፣ ፖሊሶች ወጥተው እዛው ገደሉት።

ሚገርመው ቀድሞ የፃፈው ደብዳቤ ነው። ሰሞኑን የማይገቡኝ ሀሳቦች እየመጡብኝ ነው፣ ስሞት አስከሬኔ ይመርመርና አእምሮዬ ላይ ችግር እንዳለ ይታይ ብሎ ነበር። ሲመረመር እውነትም እጢ ተገኘ፣ ፍርሃትና ቁጣን ሚቆጣጠረው አሚግዳላ ሚባለው ክፍል አጠገብ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚ ላይ ያቆመዋል፣ "አየህ እጢው ነው" ብሎ። የቴክሳሱ ገዢ ያቋቋመው የሀኪሞች ኮሚሽን ግን እጢው አስተዋፅኦ ሊኖረው ይችላል እንጂ ለዚ ድርጊት ምክንያት ነው ማለት አንችልም ነው ያለው። እኔም በዚ እስማማለሁ። ምክንያቱም ሌላውን ስታይ አባቱ እናቱን እየደበደበ ነው ያደገው፣ በዛው አመት እናቱ አባቱን ጥላ ወጥታ ነበር፣ እሱም ሚስቱን መትቶ ያውቃል፣ እንቅልፍ ሚከለክል አምፌታሚን ክኒን ይወስድ ነበር፣ ማሪን እያለ በቁማርና ሰው በማስፈራራት ተፈርዶበታል፣ ተኩስ ደግሞ ያሰለጠኑት ናቸው። እንደዛው አይነት እጢ በየአመቱ ስንት ሺህ ሰው ላይ ይገኛል፣ ታወር ላይ ሚወጣ ግን የለም። ደግሞ እኮ ከወራት በፊት ለዩኒቨርሲቲው ሳይካትሪስት ታወሩ ላይ ወጥቼ ሰው መተኮስ ያምረኛል ብሎ በአፉ ተናግሮ ነበር! እኔን ሚቆጨኝ እሱ ነው፣ ከእጢው በላይ።

ማህደር_መ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይሄን ሁሉ ሳነብ ደስ አይለኝም። እኔ ወንድሜን በሰው እጅ ያጣሁ ሰው ነኝ። ፍርድ ቤት ስንመላለስ የሰማነው ሁሉ የገዳዩ ችግር ነው፣ ልጅ ሆኖ ተቸግሮ ነበር፣ ጠጥቶ ነበር፣ ተናድዶ ነበር። ወንድሜም እኮ ተቸግሮ ነው ያደገው፣ እሱ ማንንም አልገደለም። ጂን ነው እጢ ነው አስተዳደግ ነው እያላችሁ ስትደረድሩ መጨረሻው ማንም ጥፋተኛ የለም ወደ ማለት ነው ሚሄደው። በዛ ላይ "አእምሮው ታሞ ነው" ሲባል ምንም ያላደረጉ ህመምተኞች ሁሉ አብረው ይፈራሉ።

የህግ_ሰው፦

ማህደር በመጀመሪያ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያፅናችሁ። ያነሳሽው ነገር ህጉም የተጨነቀበት ነገር ነው። ምክንያቱን ማወቅና ይቅር ማለት የተለያዩ ናቸው፣ የ1996ቱ የወንጀል ህጋችንም ለይቷቸዋል። አንቀፅ 48 ላይ በህመም ወይም በመሳሰለው የተነሳ ሚያደርገውን ነገር ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ተረድቶም ራሱን መግታት ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ አይደለም ይላል፣ 49 ደግሞ በከፊል ያጣ ከሆነ ቅጣቱ ይቀልላል ይላል። ግን ይሄ በጣም ጠባብ በር ነው። ዝም ብሎ ጠበቃ ስላለ አይገባበትም፣ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ አስመርምሮ ነው፣ ብዙ ጊዜም አማኑኤል ሆስፒታል ይላካል። ኃላፊ አይደለም ቢባል እንኳን ዝም ተብሎ ወደ ቤቱ አይሸኝም፣ ፍርድ ቤቱ እንዲታከም ወይም ተቋም ውስጥ እንዲቆይ ማዘዝ ይችላል። ወንጀሉን ለመስራት ብሎ አስቦ የጠጣ ሰው ደግሞ ስካሩን መከላከያ ማድረግ አይችልም፣ አንቀፅ 50 ነው።

በሌላ በኩል ራሱ ግድያውም እኩል አይደለም። 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፣ አስቦ ተዘጋጅቶ ወይም በጭካኔ ሲሆን፣ እድሜ ልክ ወይም ሞት። 540 ተራ የሚባለው ከ5 እስከ 20 አመት። 541 ደግሞ ከባድ ትንኮሳ ተደርጎበት በድንገተኛ ስሜት ሲሆን፣ እስከ 5 አመት ቀላል እስራት። ህጉ ጂን ምናምን ሳያውቅ ድሮ የለየው ነገር ነው ይሄ፣ በደሙ ሙቀት ያደረገና ሳምንት ሙሉ አድፍጦ የጠበቀ አንድ አይደሉም።

ጂኑን ፍርድ ቤት ያቀረቡም አሉ። ጣሊያን ትሪየስቴ እ.ኤ.አ. በ2009 ይግባኝ ሰሚው ለአንድ ነፍሰ ገዳይ አንድ አመት ቀንሶለታል፣ በዛው አመት አሜሪካ ቴነሲ ውስጥም ጁሪው (ፍርድ ለመስጠት የተመረጡ ተራ ሰዎች) ጂኑንና የልጅነት በደሉን ሰምቶ የሞት ቅጣት ሊያመጣ የሚችለውን ክስ ወደ ዝቅተኛ ግድያ አውርዶለት 32 አመት ተፈርዶበታል። እኔ በግሌ በዚ አልስማማም። ከሶስት ወንድ አንዱ ያለው ነገር እንዴት ማቅለያ ይሆናል?

የወሎ_ሰፈር_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ማህደር አፅናሽ፣ ያንቺን ቁስል ለመንካት አልነበረም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ገዳዮችን አንጎላቸውን ፎቶ አንስተው ልዩነት አገኙ ሚባለውስ? እሱም ውሸት ነው?

ነርስ_ሳይካትሪ፦

ውሸት አይደለም፣ ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። አድሪያን ሬይን ሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ በግድያ የተከሰሱ 41 ሰዎችን አንጎል ካልገደሉ 41 ሰዎች ጋር አነፃፅሮ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ገዳዮቹ ላይ ደከም ብሎ ሲሰራ አገኘ። ይሄ ክፍል እንደ ፍሬን ነው፣ እጅህ ሊሰነዘር ሲል "ቆይ" ሚልህ እሱ ነው። ግን እነዚህ 41 ሰዎች ሁሉም የአእምሮ ችግር አለብን ብለው የተከራከሩ ናቸው፣ ከነሱም ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው የተመታ ወይም ሌላ ህመም ያለባቸው ስለሆኑ "ገዳይ ሁሉ እንዲህ ነው" ማለት አይቻልም። በሚቀጥለው አመት ደግሞ ለሁለት ከፍሎ ሲያያቸው ድክመቱ በዋናነት የታየው ቱግ ብለው በገደሉት ላይ ነው፣ አስበው አቅደው የገደሉት የግንባራቸው ክፍል ከጤነኛው ብዙም አይለይም። የህግ ሰው ከላይ 539 እና 541 ብለህ የለየኸው እዚም መጣ ማለት ነው።

ጄምስ ፋሎን ሚባል ሌላ የአንጎል ተመራማሪ ደግሞ የቤተሰቡን ስካን ሲያይ አንዱ ልክ የሳይኮፓት (ለሰው ርህራሄም ፀፀትም ማይሰማው ሰው) አንጎል መስሎ አገኘው፣ ስሙን ሲያይ የራሱ ነው። ማንንም ገድሎ አያውቅም፣ ፕሮፌሰር ነበር፣ ልጆች አሳድጓል። ራሱ ሲያስረዳ በፍቅር ስላደግኩ ነው ይል ነበር።

ማህደር ያልሽው ስለ ህመምተኞች በጣም ትክክል ነው። እኔ ማያቸው ሰዎች ሲደበደቡ ሲሰረቁ ሲታሰሩ ነው ብዙ ጊዜ ማየው እንጂ ሲገድሉ አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው አደጋው ከፍ ሚለው በተለይ መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ ሲጨመርበትና ህክምና ሳያገኝ ሲቀር ነው፣ እንደዛም ሆኖ ከሚፈፀመው ግድያ ትንሹን ክፍል ነው ሚይዘው።

ደጋዳሞት፦

እኔ የተማርኩት ሌላ ነው ሳይካትሪ አላውቅም ግን ያደግኩት ጎጃም ገጠር ነው እና የልጁን ታሪክ ሳነብ ወዲያው የመጣልኝን ልናገር። አያትየው ለምን ገደሉ? አጎትየውስ የገደለው ማንን ነው? ይሄን ሳትጠይቁ ዘር ማለት አይቻልም። እኛ ጋር አንዱ በድንበር በመሬት ይገድላል፣ የሟች ልጅ ያድጋል፣ ሲያድግ ደሙን ካልመለሰ ገበያ ላይ ሰርግ ላይ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም፣ ቀረርቶ ሲቀረር በስም ሳይጠራ እሱ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፣ እናትም ብትሆን የባሏን ደም አታነሳም ማለት አይደለም። ከዛ እሱ ይመልሳል፣ ከዛ የዛኛው ወንድም። ከውጭ ላየው ሰው አያት ገዳይ አጎት ገዳይ ሲባል በደም ሚወርድ ይመስላል፣ ሚወርደው ግን ጠቡ ነው። እርቅ የወረደበት ቤተሰብ ውስጥ ያው ዘር ነው ያው ደም ነው ግን ግድያው ይቆማል! በሽምግልና ታርቀው ካሳ ተከፍሎ ልጅ ለልጅ የተጋቡ አውቃለሁ፣ ኦሮሞዎቹም ጋር ጉማ ሚባል እንደዚሁ ካሳ ተከፍሎ ደም ሚደርቅበት እርቅ አለ። ጂን ቢሆን ሽማግሌ ያስታርቀው ነበር?

አሜሪካኖች ደግሞ ይሄን ላብራቶሪ ውስጥ አይተውታል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተማሪዎችን ኮሪደር ላይ ሆን ብለው በትከሻ ገፍተው ይሰድቧቸዋል፣ ከሰሜን የመጡት ብዙም ግድ አልሰጣቸውም፣ ክብር ተነካ ሚባል ባህል ካለበት ከደቡብ የመጡት ግን የጭንቀት ሆርሞን ሚባለው ኮርቲዞላቸውም የወንድ ሆርሞን ሚባለው ቴስቶስትሮናቸውም ከፍ አለ። እዩት እንግዲህ ሆርሞኑ ባዮሎጂ ነው፣ የቀሰቀሰው ግን ያደጉበት ነው። ሁለቱን እንዴት ትለያያላችሁ?

አንድ ደግሞ። አሜሪካ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 52 የተፈፀመ 588 ግድያ ተጠንቶ ሩቡ ገደማ ላይ መጀመሪያ እጁን ያነሳው ሟቹ ራሱ ነበር፣ ከሶስት ሁለት ያህሉ ላይ ደግሞ መጠጥ አለበት። ይሄ እኮ አረቄ ቤት ያየነው ነው፣ "ምን አልክ አንተ?" "ምን ታመጣለህ?" ሰው እየሰማ ነው፣ ወደኋላ ማለት ውርደት ነው፣ ቢላ ወይም ዱላ ቅርብ ነው፣ ጠዋት አንዱ አስከሬን አንዱ እስር ቤት፣ ሁለቱም ማታ ሲወጡ ይሄን አላሰቡም። በአለም ላይ ገዳዩ 90 በመቶ ገደማ ወንድ ነው ሚባለውም ከዚ ጋር ሚያያዝ ይመስለኛል፣ ሆርሞኑም አለበት፣ ወንድ ሁን እየተባሉ ማደጉም አለበት።

ኦስቲን_ቴክሳስ፦

ደጋዳሞት እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ይሄን ማንም አላለም ነበር። አንተ ያልከውን ሚደግፍ፣ እንግሊዝ በመካከለኛው ዘመን ከ100 ሺህ ሰው 20 እና ከዛ በላይ በአመት ይገደል ነበር፣ ዛሬ አንድ ገደማ ነው። በዛ ጊዜ ውስጥ ጂናቸው አልተቀየረም፣ ህግና ፍርድ ቤት ነው የተቀየረው፣ የክብር ጉዳይም በሰይፍ መፈታቱ ቀረ።

ትዕግስት_ሚድዋይፍ፦

የሁላችሁንም አነበብኩ፣ ስለ ወንዶች ብቻ ስለተወራ አንድ ነገር ላንሳ። እናት የገዛ ህፃኗን ስትገድል በየፌስቡኩ "ጨካኝ፣ አውሬ" ተብላ ትሰደባለች። አንዳንዴ ምክንያቱ ድህነትና ሀፍረት ነው፣ አንዳንዴ ግን በቀጥታ የህክምና ጉዳይ ነው። ከሺህ ወላድ አንዷ ወይም ሁለቷ ላይ ከወሊድ በኋላ ሚመጣ ሳይኮሲስ ሚባል፣ ከእውነታው ሚያወጣ ከባድ የአእምሮ ህመም አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይጀምራል፣ ሆርሞኑ በአንዴ ሲወርድ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ በተለይ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ሚልበት ህመም) ያለባት ወይም ከዚ በፊት የታመመች ከሆነች። ህፃኑ የኔ አይደለም፣ ተቀይሮብኛል፣ ክፉ መንፈስ አለበት ትላለች። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም፣ ግን ማን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ህጉም አንቀፅ 544 ላይ በምጥ ወይም በወሊዱ ሁኔታ ተፅእኖ ስር ሆና ያደረገችውን ከሌላው ግድያ ለይቶታል፣ የህግ ሰው ካጠፋሁ አርመኝ።

የህግ_ሰው፦

ልክ ነሽ ትዕግስት፣ ቀላል እስራት ነው ሚለው፣ አሟት ከሆነ ደግሞ 48 እና 49ም ይታያሉ።

ማህደር_መ፦

ትዕግስት ያልሽው ገባኝ፣ እንደዚ ያለው ላይ እኔም አልፈርድም። የወንድሜ ገዳይ ግን ሶስት ቀን ዝቶ ነው፣ ሰፈር ሁሉ ሰምቶታል፣ ማንም ቁም ነገር ብሎ አልያዘውም።

ነርስ_ሳይካትሪ፦

ማህደር ይሄ ያልሽው ነገር ነው ዋናው። ከላይ ኦስቲን ያለው ሰውዬም ለሀኪሙ ተናግሮ ነበር። ሰው እገድለዋለሁ ሲል "አፉ ነው" ብለን እናልፋለን። ስም ጠርቶ ሚዝት፣ መሳሪያ ያለው ወይም እየፈለገ ያለ፣ መጠጥ የጨመረ፣ ድምፅ ግደል ይለኛል ሚል፣ ሚስቱ ትታው ልትሄድ ስትል ካለኔ አትኖሪም ሚል፣ እነዚህን አትለፉ። መሳሪያው ከቤት ይውጣ፣ ሚዛትበት ሰው ይነገረው፣ ለፖሊስም ይነገር፣ ሽማግሌ በዛው ቀን ይግባ እንጂ ለእሁድ አይቀጠር። ድምፅ ሚሰማ ወይም ሰው ሁሉ ሊገድለኝ ነው ሚል ከሆነ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ አብዛኛው በመድሃኒት ይረጋጋል። ትዕግስት እንዳለችውም አራስ ቤት ያለች ሴት ሁለት ሶስት ቀን ሳትተኛ ቆይታ ስለ ህፃኑ እንግዳ ነገር መናገር ከጀመረች ከህፃኑ ጋር ብቻዋን አትተዋት፣ ፀበል ሚወስዳትም ካለ ይውሰዳት ግን በዛው ቀን ሀኪም ይያት፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።